የመሰኪያው ልክ

የልጄን ኮምፒውተር ጎኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ስከፍተው ከውስጡ የወጣው የከሰል ካውያ ሽታ ነው። አቧራ የጠጣ፣ ትንሽ የተቃጠለ፣ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎበት ሱፍ ሲተኮስ የሚሸተው ዓይነት። በልጁ ዕቃ ላይ ያጎነበሰ አባት ስለ ልጁ ማሰብ ነበረበት። እኔ ያሰብኩት ስለ ካውያ ነው። ምን ላድርግ፣ ልቤ ከደነዘዘ ቆየ፤ ወደ ልጄ ልሂድ ስለው ወደ ሱቄ ይወስደኛል።

ሱቄ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ከወርቅ ቤቶቹ ሳይደረስ ነበረች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛና ቆሞ የሚያይ ሰው የሚበዛባት አንድ መስታወት፤ ከዚያ በላይ አትይዝም። ፊት ለፊታችን ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ጠዋት ያስገባውን ካሴት ማታ ነው የሚያወጣው፤ የመለያየት ዘፈን ከገጠመን ኮሌታ እያዞርን ቀኑን ሙሉ በሰው ፍቅር ስንቆዝም እንውላለን። ማኪያቶ በሽልንግ ነበር፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለጠጣት። ለተቀመጠ ትንሽ ትጨምራለች፤ ስለዚህ አራዶቹ መቆም ያምርብናል ይሉ ነበር። ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋበት፣ ጫማው ታኮ የሚያወጣበት፣ ፀጉሩ ከበር የማይገባበት ጊዜ ነው። የአራዳ ልጅ ምሳውን ይዘላል እንጂ ሱሪው መስመር ሳይዝ ከቤት አይወጣም። አንዱ ደንበኛዬ ሱሪውን ሲለካ አይቀመጥም፤ "ጋሽ መኮንን፣ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ለበዓል ነው የማደርገው" ይለኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና ማታ ማታ የሚበራ መብራት አለ። ያምራል። ባለፈው ሄጄ ሱቄ የት ላይ እንደነበረች በዓይኔ ልለካ ሞከርኩና አቃተኝ። አልከፋኝም፤ መለኪያው መጥፋቱ ብቻ ገረመኝ።

የዚያን ጊዜ ፒያሳ ያለ ናሙና ዕቃ አይገዛም። አዝራር የጎደለው ሰው አንዱን አዝራር ቆርጦ በመሐረብ ቋጥሮ ይመጣል። ክር የሚፈልግ ከጨርቁ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ይዞ ይዞራል። የበር ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሳሙና ላይ አትሞ የሚመጣበት ጊዜም ነበር፤ ያ እንኳ ሌባም ስለሚያደርገው በኋላ ተጠላ። ባለሱቁ ስሙን አይጠይቅህም፤ "ናሙና?" ብሎ መዳፉን ይዘረጋል። የዕቃን ስም አለማወቅ ነውር አልነበረም። ነውሩ ባዶ እጅ መምጣት ነው። ባለቤቴ ጸሐይ፣ የእኔን ሥራ የምትዘመዝመውና የአዝራር ቀዳዳ የምትሠራው እሷ ነበረች፣ ለሽንኩርት እንኳ ናሙና ይዛ አትክልት ተራ ትወርዳለች እያልን እንስቅባት ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ልጆቹ ሱፍ ማሰፋት ትተው የተሰፋ መግዛት ጀመሩ። ከጎናችን የነበሩት የታይፕ ጸሐፊዎች መኪናቸውን አውጥተው ኮምፒውተር አስገቡ፣ ማስታወቂያቸውንም በአዲስ ቀለም ቀቡ። ልጄ ዮናስም የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሆነ። ካሜራ ተከራይቶ ጀመረ፣ በኋላ ገዛ፤ ከዚያ የቀረጸውን የሚቆርጥበት ኮምፒውተር አንዱን ዕቃ ከዚህ ሌላውን ከዚያ እያመጣ በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ገጣጠመ። እኔ በአንዱ ጫፍ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ሰርግ ይቆርጣል። ጸሐይ አቧራ እንዳይገባበት ከተረፈ ግራጫ ሱፍ ሽፋን አሰፋችኝ፤ ገበር ይኑረው ስላለች ገበር አገባሁበት። ገበር ያለው ኮምፒውተር በፒያሳ የዮናስ ብቻ ነበር።

ዮናስ ሞተ። ሕመሙ ድንገተኛ ነበር፣ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ያኔም አልነበረኝም። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የድንኳኑን ስፌት ስመለከት ዋልኩ። አንዱ መጋጠሚያ ጠማማ ነበር። ሰው "አይዞህ" ሲለኝ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ፣ ዓይኔ ግን እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። ያለቅሳል ብለው ጠበቁኝ፣ እኔም ጠበቅሁ። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ፣ ሱቋም ቤቱም ፈረሱ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰንና ገባን፤ ሁሉንም በዚያው ዓይን አየሁት።

ጸሐይ ግን እንደኔ አይደለችም። በየዓመቱ የሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽፋኑን ገልጣ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች። ቪዲዮ ቀራጭ ለሰው ሁሉ መልክ ያስቀራል፤ የራሱ መልክ ግን የለውም፣ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነዋ። ግድግዳችን ላይ ያለው የመታወቂያ ፎቶው ነው፤ ለቀብሩ እሱን ነው ትልቅ ያስደረግነው፣ ግን ዮናስን አይመስልም። እሷ እንደምትለው ግን አንድ ጊዜ ካሜራውን መቆሚያው ላይ ትቶ ወደ ፊት መጥቷል። ያቺ አጭር ፊልም ኮምፒውተሩ ውስጥ ናት። እኔ አይቻት አላውቅም። እሷ ስታይ እኔ ደጅ እወጣለሁ፣ ስትጨርስ ትጠራኛለች፣ ምሳ እንበላለን።

ዘንድሮ፣ አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዕለቱ ሳይደርስ ልትሞክረው ከፈተችው። ሲነሳ የሚያሰማት ዜማ ጥርት ብላ ተሰማች። ምስል የለም። የጎረቤት ስክሪን ተውሼ ሞከርኩ፤ ያው ጥቁር። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነበር። ጸሐይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣

"መኮንን፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው" አለችኝ። "ድምፁን አስታውሳለሁ። ፊቱን ስፈልገው ያ የግድግዳው ነው የሚመጣብኝ።"

"አሠራዋለሁ" አልኳት።

ሐያትን ያገኘኋት እንዲህ ስዞር ነው። አባቷ ሐጂ ይማም ከወሎ መጥተው ፒያሳ ሱፍና ገበር ሲሸጡልኝ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ጨርቅን በጣታቸው አሽተው የሚያውቁ፣ ለማይገባው ሰው ጥሩውን ጥቅል የማያወርዱ። እሷ ጨርቁን ትታ የኮምፒውተር ዕቃ ትነግዳለች፣ አዲስም ያገለገለም፣ ቴዎድሮስ አደባባይን ከሚያይ ሕንጻ አንደኛ ፎቅ ላይ። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች።

"ጋሽ መኮንን! አባቴ ሳይሞቱ በፊት ስንቴ አነሷችሁ መሰለዎት። ይቀመጡ እስቲ።"

ነገሩን ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"ድምፅ ካለ ማሽኑ ደህና ነው። ከቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራው ምስል የሚያወጣው ክፍል ነው የሄደው። ከፈለጉ ዲስኩን አምጡልኝና ያለውን ሁሉ በፍላሽ ልገልብጥልዎት።"

"እሱን ጸሐይ አትሰማም። ሌላ ባለሙያም ይህንኑ ብሎኝ ስነግራት ገና ሳልጨርስ ነው የጮኸችብኝ። እሱ ያሰረውን ብሎን ማንም አይፈታውም ብላለች። ጎኑን መክፈት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።"

"እሺ" አለች ሐያት፣ "እንግዲያው የግራፊክስ ካርድ እንጨምርለታለን። ስሎቱ ምን ዓይነት ነው?"

"ስሎት ምንድን ነው?"

"ካርዱ የሚገባበት መሰኪያ። እሱን ሳያውቁ ካርድ መግዛት የእግር ልክ ሳያውቁ ጫማ መግዛት ነው።" ሦስት ካርዶች አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። "ቤት ሲገቡ ይክፈቱና ይዩት። ነጫጭ አጫጭር መሰኪያዎች ካሉ፣ ከማሽኑ የኋላ ጠርዝ ጀምረው፣ እነሱ ፒሲአይ ናቸው። ለብቻው ቡናማ ሆኖ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ያለ ካለ ኤጂፒ ነው፣ የድሮ ነው፣ አሁን የሚያመጣው የለም፤ እኔ ጋ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ይገኛል። ረጅም ሆኖ ጫፉ ላይ መንጠቆ ካለው አዲሱ ኤክስፕረስ ነው። አንዱ ያንዱን ቦታ አይገባም። ዝም ብለው ፎቶ አንስተው ይምጡልኝ።"

"የኔ ስልክ ይደውላል፣ ይነሳል፣ በቃ።"

"ናሙና እንዳልልዎት የድሮ ካርድ የለውም።"

ናሙና ስትል አንድ ነገር ነቃ አለብኝ። ስሜት አልለውም፤ እጄ ነው የነቃው። "ልኩን ወስጄ አመጣልሻለሁ" አልኳት። ሳቀች፣ አባቷን መሰለችኝ።

እንግዲህ ያ የካውያ ሽታ የወጣው ያን ቀን ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ መነጽሬን ወልውዬ ውስጡን አየሁ። ነጫጮቹ አሉ፣ ከጠርዙ ይጀምራሉ። ከእነሱ በላይ ለብቻዋ አንዲት ቡናማ አለች፣ ፈቀቅ ብላ፣ ባዶዋን። ዮናስ አንድ ቀን እጨምርበታለሁ ብሎ ትቷት ይሆናል፤ እኔም ኮት ስቆርጥ ለሚወፍር ልጅ ትርፍ ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ እተው ነበር። ርዝመቷን ለካሁ፣ ከጠርዙ ያላትን ርቀት ለካሁ። ውስጧ ደግሞ አንድ ጉብታ አለች፣ መሐል ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች፤ የካርዱ ጥርስ እዚያ ላይ ክፍተት ሊኖረው ነው ማለት ነው። የሸሚዝ ካርቶን ቆረጥኩ፣ ክፍተቷን በመቀስ ጫፍ አወጣሁ፣ አስገባሁት። ገጠመ። ጸሐይ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "ደስ አለህ?" አለችኝ። ልክ ነው አልኳት። ለተጠየቅሁት መልስ አልነበረም።

በማግስቱ ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል፣ ሐያት ከሁለት ደንበኛ ጋር ትከራከራለች። ቡናማ ነው፣ ፈቀቅ ያለ ነው አልኳት ከሩቅ፤ "ኤጂፒ! ያውልዎት ካርቶኑ፣ ይምረጡ" አለችና ወደ ክርክሯ ተመለሰች። ካርቶኑን ከፍቼ የላይኛውን ካርድ አነሳሁ። ልኬን ጥርሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ክፍተቱ አልገጠመም። ገለበጥኩት፤ ገጠመ፣ እንደ ተሰፋለት። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ስትጨርስ "ልክ ነው?" አለችኝ፣ "ልክ ነው" አልኳት፣ ጠቀለለችልኝ።

ቤት ወስጄ ስሞክረው ካርዱ አልገባ አለ። ቀና አደረግኩት፣ አዘነበልኩት፣ አንዱ ጫፍ ይገባል ሌላው ጉብታዋ ላይ ይቀመጣል። አውራ ጣቴን ላዩ ላይ አሳርፌ ጫን ልል ስል ጸሐይ እጄን ያዘችው። በስንት ዓመታችን እንደዚያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም።

"አትጫነው! ሰባብረህ ልትቀብረው ነው ሁለተኛ?"

ለቀቅሁት። ካርዱንም ካርቶኑንም ወሰደችብኝ፣ መስኮቱ ጋ ሄደች። የአዝራር ቀዳዳ የምትሠራ ሴት ግራን ከቀኝ አታምታታም፤ ቀዳዳው ከተሳሳተ የወንዱ ኮት የሴት ይሆናል። ካርቶኑን አንዴ በዚህ ፊቱ፣ አንዴ በዚያ ፊቱ እያደረገች አየችው፣ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ነበር። እየሳቀች ነው።

"አንተ ሰው፣ እጅጌ ነው እንዴ የቆረጥከው? ገልብጠህ ግራ፣ ገልብጠህ ቀኝ!"

እውነቷን ነው። ልብስ ሰፊ ለሁለት እጅጌ ሁለት ልክ አይቆርጥም። አንዱን ካርቶን በዚህ ፊቱ አስቀምጦ ግራውን ያሰምራል፣ ገልብጦ ቀኙን። እጄ ዕድሜ ልኩን የገለበጠውን ካርቶን ገለበጠ፤ አላማከረኝም። ጸሐይ ከመሳቢያው የልብስ ጠመኔ አምጥታ ካርቶኑ ላይ "ፊት" ብላ ጻፈችበት፣ በሌላው በኩል "ጀርባ"፣ ወደ ማሽኑ ኋላ የሚዞረውን ጫፍ ደግሞ በቀስት አመለከተችው። "በዚህ ካልገጠመ አትግዛ" አለችኝ። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ ፊቷ ላይ የዮናስ አፍ መጣ፣ ወዲያው ሄደ።

ሐያት ታሪኩን ስትሰማ ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ቆም አለች።

"ጸሐይ ደህና አድርገው ያዙዎት፣ ጋሼ። የኤጂፒ ሁለት ዓይነት አለው። ክፍተቱ ወደ ኋላው ብረት የቀረበው በጣም የድሮው ነው፣ ብዙ ቮልት የሚፈልግ። የእርስዎ ማሽን ክፍተቱ ከብረቱ የራቀውን ነው የሚቀበለው። ጉብታዋን ያስቀመጧት ሰው እንዳይሳሳት ነው፤ በግድ ቢያስገቡት ቦርዱም ይሄድ ነበር።" ካርቶኑን ከታች ጀምራ በረበረች። ብዙ አነሳች፣ ብዙ መለሰች። እኔ ቆሜ ጣቶቿን አያለሁ። በመጨረሻ አንዱን አወጣችና የጸሐይን ጽሑፍ ወደ ላይ አድርጋ ልኩን አሳረፈችበት። "ይኸውልዎ። በዚህ ልክ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።" ለውጣ ሰጠችኝ፣ ልዩነቱንም አልተቀበለችኝም፤ "አባቴ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱብኛል" አለች።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ ሜትሬን እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ካርዱን አስገባሁት። ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጠቅ አለ። ገመዱን ወደ አዲሱ ካርድ አዛወርኩ። ጸሐይ ቁልፉን ተጫነችው። ዜማዋ ተሰማች፣ ቀጥሎ ስክሪኑ በራ። ጸሐይ "ተመስገን" አለች ድምፅ ሳታወጣ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ በሩ ሄድኩ። ከዚያ ካርዱ ቢሞቅስ፣ ቢጨስስ ብዬ ተመለስኩ፤ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከኋላዋም ቆምኩ።

ሱቄ መጣች። መስታወቱ፣ ጠረጴዛው፣ በሩ፣ ከበሩ ባሻገር የሚያልፈው ሰው፣ ከማዶ የሙዚቃ ቤቱ ጩኸት። ለመለካት ያቃተኝ ቦታ ሁሉ ተሟልቶ። ከዚያ ከካሜራው ኋላ አንድ ጀርባ ወጣ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ፤ ዮናስ ነው። ጸሐይ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የሸሚዙ ኮሌታ እንደተቀደደ አየሁ፣ መጠገን ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

"አባዬ፣ ና ልኬን ውሰድ። ለሚዜነቱ ኮት ትሰፋልኝ የለ? እየተቀረጽክ ነው፣ ተስተካከል" አለ ልጄ።

ጥቁር ፀጉር ያለው መኮንን ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ ወደ ፊልሙ ገባ። ከልጁ ኋላ ቆመ፣ ሜትሩን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ዘረጋ።

"አርባ ስድስት" አልኩ።

ጸሐይ ዞራ አየችኝ። የፊልሙ መኮንን ገና አልተናገረም ነበር። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቁጥሩን አነበበና "ትከሻ፣ አርባ ስድስት" አለ።

እጄ አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ጨብጧል። ሜትሩ ዮናስ ደረት ላይ ሲዞር "መቶ ሁለት" አልኩ፣ ፊልሙም ተከተለኝ። ስንቱን ሰው ለክቼ የስንቱ ልክ ጠፍቶኛል፤ የሱ ግን ሁሉም አለ፤ የት እንደነበር አላውቅም። ልጄ ክንዱን ዘረጋ፣ አባቱ ሜትሩን ከትከሻው ጫፍ አስነሳ፣ እያለሳለሰ ወደ አንጓው አወረደው። ልጄ ናፈቀኝ። ያን ያህል ዓመት ቆይቶ፣ ጠቅላላውን ባንድ ላይ፣ ልጄ ናፈቀኝ።

እጅጌውን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ አልወጣም። ጸሐይ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። ቁጥሩን የፊልሙ መኮንን ተናገረው።